ሰዓት የማይለካው ማዕረግ

አይኪዶ፣ ከአንድ ቅርንጫፉ በስተቀር፣ ውድድር የማያውቅ የጃፓን የትግል ጥበብ ነው። በጁዶ ተጋጣሚው በጀርባው ከወደቀ ዳኛው እጁን ያነሣል፣ ነገሩ ያበቃል። በቴኳንዶ ምት ይቆጠራል። በአይኪዶ ግን አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው የተሰነዘረበትን ጉልበት ሳይገታ ተቀብሎ አዙሮ ይጥለዋል፣ ወይም የእጁን አንጓ ይዞ ከምንጣፉ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። የወደቀው አልተሸነፈም፤ አወዳደቅ ራሱ ትምህርት ነው። ችግሩ ጎበዙን ከሰነፉ የሚለይ ዋንጫም፣ ሜዳሊያም፣ ነጥብም አለመኖሩ ነው። ያለው የመምህሩ ቃልና የፈረመበት ወረቀት ብቻ ነው። «ከማን ተማርክ?»፣ «ማዕረጉን ማን ሰጠህ?»፣ «እሱስ የመስጠት ሥልጣን ነበረው?» የሚሉት ጥያቄዎች በአይኪዶ ሰዎች መካከል ከጥበቡ እኩል፣ አንዳንዴም ከጥበቡ በላይ ሲያከራክሩ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ ወደ አርሲ ደጋ ይውጣ። ከጮሌ ተነሥቶ (ስሙ ራሱ ለሯጭ የተመረጠ ይመስላል) አሰላ የደረሰ ልጅ ማን እንዳሠለጠነው ባይታወቅም ግድ የለም። የሚጠየቀው ሰዓቱን ነው። አሠልጣኙ በእጁ የያዘውን ሰዓት ይጫናል፣ ልጁ ይሮጣል፣ ሰዓቱ ይቆማል፤ የቆመበት ቁጥር የልጁ ምስክር ወረቀት ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ፣ ፋጡማ ሮባም በ1996 የአትላንታን ማራቶን ስታሸንፍ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሠልጣኞቻቸውን ሐረግ የጠየቀ ዳኛ አልነበረም። እንዲያውም ምስክርነቱ ወደ ኋላ ነው የሄደው፦ የበቆጂው የስፖርት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ስሙ የገነነው ደራርቱ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ባስመዘገቡት ውጤት ነው። ለመምህሩ የመሰከሩለት ተማሪዎቹ ናቸው። በአትሌቲክስ ፖለቲካ የለም ማለት አይደለም፤ በየኦሎምፒኩ ዋዜማ «እሱ ተመርጦ እኔ ለምን ቀረሁ» የሚል እሮሮ ይሰማል። ሆኖም እሮሮው ራሱ ሚኒማና ሰዓት እየጠቀሰ ነው የሚቀርበው። አይኪዶ ውስጥ የሚጠቀስ ሰዓት የለም።

አይኪዶ ከሩጫው ሜዳ ይልቅ የሚቀርበው ለአብነት ትምህርት ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ገብቶ ከየኔታ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል፤ ሲበቃ የሚመረቀው በየኔታ ቃል ነው። ድጓ የዘለቀ ሰው መምህር መሆን ከፈለገ ጋይንት፣ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አባ ይሄዳል፤ አቋቋም የጎንደር ነው። አዲስ ደብር የደረሰ መሪጌታ ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «የማን ተማሪ ነህ?» የሚል ነው፤ መልሱ ቤቱንም፣ የዜማውን ስልትም፣ የዕውቀቱን ልክም በአንድ ስም ይናገራል። በሙስሊሙም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ኪታቡን የጨረሰ ደረሳ ከሼኹ ኢጃዛ ይቀበላል፤ በኢጃዛው ትምህርቱ ከማን ወደ ማን ሲወርድ እንደመጣ ሰንሰለቱ ይቆጠራል። ሁለቱም ቤቶች ዕውቀትን በሜትርና በሰከንድ ሊለኩት ስለማይችሉ በሰው ይለኩታል።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ቀላልም አይደለም። ቅኔ በማኅሌት፣ ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ይዘረፋል። ቤቱ ከጎደለ፣ ምሥጢሩ ካልሰመረ፣ የሰሙት ወዲያው ያውቃሉ፤ የየኔታ ስም ተቀኚውን ከኀፍረት አያድነውም። በአይኪዶ ልምምድ ግን የሚጣለው ሰው እንዲወድቅ የሠለጠነ የራስ ባልደረባ ነው። መምህሩ ደካማ ቢሆንም ተማሪው አክብሮት ይዞት አምሮ ሊወድቅለት ይችላል። አደባባዩ በላላ ቁጥር ወረቀቱ ይከብዳል።

የዚህ ወረቀት ታሪክ የሚጀምረው ከአይኪዶ በፊት፣ ዳይቶ ርዩ የተባለውን የጁጁትሱ ስልት ባስፋፋው በታኬዳ ሶካኩ (1859–1943) ነው። ታኬዳ ቋሚ ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለፖሊሶች፣ ለዳኞችና ለባለጸጎች ያስተምር ነበር። በሄደበት ሁሉ ሁለት መዝገብ ይዞ ይሄዳል። በአንደኛው ላይ ተማሪው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ማኅተሙን ያሳርፋል፤ በሁለተኛው ላይ የከፈለው ገንዘብ ይሰፍራል። ታኬዳ ራሱ ማንበብና መጻፍ እንዳልተማረ ይነገራል፤ የሚጽፉለት ሌሎች ነበሩ። ይህ የማይጽፍ ሰው የያዛቸው መዝገቦች ዛሬ በጃፓን የትግል ጥበብ ታሪክ ውስጥ ካሉት እጅግ የሚታመኑ ሰነዶች መካከል ናቸው፤ «ከታኬዳ ተምሬያለሁ» የሚል ሁሉ መዝገቡ ተገልጦ ስሙ ይፈለጋል። የአገራችንን የጠበል ጻዲቅ ማኅበርና የዕቁብ ጸሐፊ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፦ መዝገቡ ውስጥ የሌለ ሰው የለም።

የአይኪዶ መሥራች ኡዬሺባ ሞሪሄይ (1883–1969) ከታኬዳ ጋር የተገናኘው በ1915፣ በሰሜኑ የሆካይዶ ደሴት፣ ኤንጋሩ በምትባል ከተማ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ኡዬሺባ በ1922 የተወካይ መምህርነት ወረቀት ከታኬዳ ተቀበለ። ወረቀቱ የማስተማር ፈቃድ ብቻ አልነበረም፤ ግዴታም ነበረበት። ተወካዩ በሚመዘግበው በእያንዳንዱ ተማሪ ልክ ለዋናው መምህር ገንዘብ ይከፍላል። በሁለቱ መካከል የነበረው ግንኙነት እየሻከረ የመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ገንዘብ እንደነበር ይታመናል። ሌላው ምክንያት የጠባይ ልዩነት ነው፤ ኡዬሺባ ከ1920 ጀምሮ ኦሞቶ የተባለውን አዲስ ሃይማኖት ተከትሎ ስለ ሰላምና ስለ ፍጥረት አንድነት ሲያስብ፣ ታኬዳ እስከ ዕለተ ሞቱ ማንንም የማያምን የድሮ ተዋጊ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው ኦሳካ ውስጥ ነው። ኡዬሺባ በአሳሂ ጋዜጣ የኦሳካ ቢሮ፣ ሂሳ ታኩማ የተባለ የጋዜጣው ኃላፊና የጥበቃ ሠራተኞቹ የሚገኙበትን ቡድን ለዓመታት አስተምሯል። በ1936 ታኬዳ ሳይጠራ ከተፍ አለ። የኡዬሺባ መምህር መሆኑን ተናግሮ ትምህርቱን ራሱ ያዘ። ኡዬሺባ መምህሩን ቀርቦ ሰላም ሳይል ኦሳካን ለቆ ሄደ። ተማሪዎቹ ግን እዚያው ከታኬዳ ጋር ቀሩ፤ ሂሳም በ1939 የዳይቶ ርዩን የመጨረሻ ማዕረግ፣ መላውን ትምህርት የመውረስ ወረቀት ከታኬዳ እጅ ተቀበለ። ይህን ማዕረግ ኡዬሺባ አላገኘም። ተማሪው መምህሩን በወረቀት በለጠው ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ሁሉ ፎቶግራፉ በዶጆ (በመለማመጃ አዳራሽ) ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚሰገድለት ሂሳ አይደለም፣ ኡዬሺባ ነው።

«አይኪዶ» የሚለው ስም በይፋ የተመዘገበው በ1942 ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ የኡዬሺባ ተቋም አይኪካይ በሚል ስም ከመንግሥት ዕውቅና አገኘ። ከዚያ ወዲህ በተጻፉት የተቋሙ ታሪኮች የታኬዳ ድርሻ እያነሰ፣ የኡዬሺባ መንፈሳዊ ብርሃን እየጎላ መጣ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የአሮጌውን ቤት ምሰሶ መጥቀስ አይወድም። የተሸፈነውን የገለጠው ስታንሊ ፕራኒን (1945–2017) የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት በሕይወት ያሉትን የድሮ ተማሪዎች እየፈለገ ጠየቀ፣ የታኬዳንም መዝገቦች አገላብጦ የአይኪዶ ቴክኒክ በአብዛኛው ከዳይቶ ርዩ የወጣ መሆኑን አሳየ። ሥራው በአንዳንዶቹ ዘንድ እንደ ውለታ፣ በሌሎቹ ዘንድ እንደ ድፍረት ተቆጠረለት።

አይኪካይ የሚመራው በውርስ ነው። መሥራቹ በ1969 ሲሞት ልጁ ኪሾማሩ ዶሹ፣ ማለትም የመንገዱ ጌታ ተባለ፤ እሱ በ1999 ሲሞት ልጁ ሞሪተሩ ተተካ፤ የሞሪተሩ ልጅ ሚትሱተሩ ደግሞ ወራሽ ሆኖ እየሠራ ነው። በጃፓን የሻይ ሥርዓትም፣ የአበባ አሰካክም በዚህ መልክ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። በአብነት ትምህርት ቤት ግን የየኔታ ወንበር የሚሰጠው ለበቃው ተማሪ እንጂ ለልጅ ስላልሆነ፣ ይህ ዓይነቱ ውርስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከወንበር ይልቅ ርስት ሊመስለው ይችላል። ለውርሱ የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል ነው፦ ማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ሊመለስ በማይችልበት ጥበብ፣ ማን ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ ቢያንስ መልስ አለው።

ማዕረጉም ተለውጧል። በድሮው ሥርዓት መምህሩ የቴክኒኮቹን ዝርዝር የያዘ ጥቅልል ይሰጥ ነበር፤ ደረጃዎቹ ጥቂት ነበሩ። ዛሬ በየጂሙ የሚታወቀውን ዳን የተባለውን ደረጃ ለትግል ጥበብ ያመጣው የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ ነው፤ በ1883 ለሁለት ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዳን ሰጠ። አይኪዶ ይህን ወሰደ። ጥቅልል የሚሰጠው አንድ መምህር ላንድ ተማሪ ነበር፤ ዳን ግን መዝገብ ቤት ይፈልጋል፣ ክፍያ ይፈልጋል፣ የፈተና ደንብ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ «ቁጥር አንድ የሆነው ቢሮ የቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል።

ጥያቄው ብዙ ቤት አፍርሷል። ሺዮዳ ጎዞ በ1955 ዮሺንካንን መሠረተ፤ ይህ መለያየት በአንጻሩ ሰላማዊ ነበር። ቶሚኪ ኬንጂ ከኡዬሺባ የመጀመሪያውን 8ኛ ዳን ያገኘ ተማሪ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይኪዶን በውድድር ማስተማር ጀመረ፤ ከላይ የተጠቀሰው ባለ ውድድር ቅርንጫፍ ይህ ነው። ዋናው ቤት ውድድርን አልተቀበለውም።

እጅግ የከፋው ግን የቶሄይ ኮይቺ ነው። ቶሄይ አይኪዶን በ1953 ወደ ሃዋይ የወሰደ፣ 10ኛ ዳን የተሰጠው፣ የዋናው ዶጆ የመምህራን አለቃ ነበር። መሥራቹ ከሞተ በኋላ ወንበሩ የልጁ፣ የተማሪው ልብ ግን በብዙ ቦታ የቶሄይ ሆነ። ቶሄይ በ1971 «ኪ» የተባለውን የውስጥ ኃይል የሚያስተምር የራሱን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1974 ከአይኪካይ ለቀቀና ምክንያቱን በደብዳቤ ለየዶጆው አሳወቀ። በሆኖሉሉ ወይም በቺካጎ ያለ ተራ ተማሪ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ከሁለት ጌቶች አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ። ወረቀቱ የተፈረመው በአንዱ፣ ያስተማረው ሌላው ነው። ብዙ ዶጆ ለሁለት ተከፈለ፤ ለዓመታት አብረው የወደቁ ሰዎች አብረው መለማመድ አቆሙ። በኢዋማ መንደርም፣ መሥራቹን ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሳይቶ ሞሪሂሮ በ2002 ከሞተ በኋላ ልጁ ከአይኪካይ ወጥቶ የራሱን ማኅበር አቋቁሟል።

የቃል ማዕረግም ሌላ እሾህ ነው። በሺንጉ ከተማ ያስተምር ለነበረው ለሂኪትሱቺ ሚቺዮ መሥራቹ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት 10ኛ ዳን በቃል እንደሰጠው ተከታዮቹ ያምናሉ። ሰጪው በሕይወት የለም። የሺንጉ ሰዎች አይጠራጠሩም፤ ሌሎች ወረቀት ይጠይቃሉ።

ፈረንሳይ ነገሩ መንግሥት ሲገባበት ምን እንደሚሆን ታሳያለች። እዚያ አይኪዶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሁለት ትልልቅ ፌዴሬሽኖች ተከፈለ። አንደኛው የጃፓኑን መምህር የታሙራ ኖቡዮሺን መንገድ ይዟል። መንግሥት ግን ከሁለት ቤት ጋር መነጋገር ስለማይፈልግ በላያቸው አንድ የጋራ ኅብረት እንዲያቆሙና ዳን የሚሰጥበትን ፈተና በጋራ እንዲያካሂዱ አደረገ። ሁለት ተቀናቃኝ መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አንድን ተማሪ የሚፈትኑበት ሥርዓት ነው። ውድድር በሌለበት ጥበብ የተገኘው የቅርቡ ዳኛ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ የገባችው ባልታሰበ በር ነው። በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ሲሄዱ (ያዩትንም ኋላ በመጽሐፍ አሳትመዋል)፣ ኡዬሺባ በዚያው ዓመት ቶኪዮ ውስጥ ዋና ዶጆውን ከፍቶ ነበር፤ ግን ሁለቱ መንገዶች አልተገናኙም። ያገናኛቸው ዶናልድ ሊቪን ነው። ይህ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር በ1950ዎቹ መጨረሻ መንዝ ውስጥ ኖሮ በ1965 ስለ አማራ ባህል «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመ፣ በኢትዮጵያውያን ወዳጆቹ ዘንድ ሊበን የሚባል ሰው ነው። ኋላ አይኪዶ ተማረ፣ በዩኒቨርሲቲው የግጭትን ጽንሰ ሐሳብ ከአይኪዶ ጋር አያይዞ አስተማረ፣ አይኪዶን ከምንጣፍ ውጪ ለማኅበራዊ ጉዳይ የሚያውለውን አይኪ ኤክስቴንሽንስ የተባለ ማኅበርም መሠረተ። በ2000ዎቹ ይህ ማኅበር ከአርሲ ደጋ ቁልቁል በስምጥ ሸለቆ ባለችው ሀዋሳ በሰርከስና በቲያትር ይታወቁ ከነበሩ ወጣቶች ጋር ተገናኘ፤ ሀዋሳ ውስጥ የአይኪዶ ዶጆ የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው። ሊቪን በ2015 አረፈ።

እንዲህ ያለ አዲስ ቤት የሐረግን ጥያቄ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከፍተኛ ማዕረግ ያለው መምህር በአገር ውስጥ ከሌለ ፈተና የሚሰጠው ከውጭ በሚመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳው በየዓመቱ ካልመጣ ተማሪው በችሎታው ሳይሆን በአውሮፕላን ትኬት ምክንያት አንድ ደረጃ ላይ ይቆማል። የአይኪካይ ዳን ከተፈቀደ በኋላ የምዝገባ ክፍያ ወደ ቶኪዮ ይሄዳል። ከዚያ የሚመጣው ወረቀት ከላይ ወደ ታች በብሩሽ ፊደል የተጻፈ፣ የዶሹ ስምና ቀይ ማኅተም ያረፈበት፣ የተማሪው ስም ግን ጃፓኖች ለባዕድ ቃል በሚጠቀሙበት ፊደል የተሰፈረበት ነው። የኢትዮጵያዊ ስም እዚህ ላይ ተጨማሪ ጣጣ አለው፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ወደ ፊት ሊመጣ ስለሚችል፣ ባለ ወረቀቱ ማዕረጉን ያገኘው አባቱ መስሎት ሊደነግጥ ይችላል። ከወረቀቱ ጋር ፓስፖርት የምታህል ደብተርም ትመጣለች፤ ደረጃው ሲጨምር እዚያው ላይ ይጻፋል። ታኬዳ በሕይወት ቢኖር ይህችን ደብተር ሳይወዳት አይቀርም ነበር።

በኢትዮጵያ ከተሞች ከአይኪዶ ይልቅ የተስፋፋው ቴኳንዶ ነው፤ የሐረግ ክርክሩንም አብሮ ይዞት መጥቷል። በ1966 ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የመሠረቱት ማኅበርና በ1973 ሴኡል ላይ የተቋቋመው ተቀናቃኙ፣ አይ ቲ ኤፍና ደብሊው ቲ፣ ሁለቱም በአገራችን ተከታይ አላቸው። ጄኔራሉ በ2002 ከሞቱ በኋላ አይ ቲ ኤፍ ራሱ ተከፋፍሏል። ልጁን በአሰላ ወይም በአዲስ አበባ ቴኳንዶ የሚያስመዘግብ ወላጅ የቀበቶው ወረቀት ከየትኛው ቤት እንደወጣ ሳያውቅ ይከፍላል። ቴኳንዶ ግን ቢያንስ ውድድር አለው፤ ልጁ ሜዳ ገብቶ ይፈተናል።

ወረቀት የሚያነብ ሰው ሦስት ነገር ለይቶ መያዝ አለበት። የመጀመሪያው ደረጃውን የሰጠው ተቋም ማን እንደሆነና መዝገብ ያለው መሆኑ ነው፤ አይኪካይ፣ ዮሺንካን ወይም ኪ ማኅበር የሰጡት ዳን በየቤታቸው መዝገብ ይገኛል፣ አንዱ ቤት የሰጠውን ሌላው ላይቀበለው ይችላል። ሁለተኛው «የመሥራቹ ተማሪ» የሚለው ሐረግ ነው፤ ከመሥራቹ ጋር ለዓመታት እየኖረ፣ እየጠረገና እያገለገለ የተማረ አለ፤ በቆሎ ተማሪ ሕይወት የሚመሰለው ይህ ነው። አንድ ሳምንት ሴሚናር ላይ ከመቶ ሰው ጋር ቆሞ የተማረም «ተማሪው ነበርኩ» ይላል፤ ውሸት አልተናገረም፣ እውነቱንም አልነገረም። ሦስተኛው ራስን በራስ የመሾም ነገር ነው። መምህሩ ከሞተ በኋላ፣ በአዲስ ማኅበር ሊቀመንበርነት፣ ለራሱ 8ኛ ወይም 10ኛ ዳን የሚጽፍ ሰው በየአገሩ አለ። ማኅበሩ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ማዕረጉ ግን ከራሱ በቀር ምስክር የለውም።

መዝገብም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። ታኬዳ ሶካኩ ያን ሁሉ ሰው በስሙና በማኅተሙ አስመዝግቦ አለፈ፤ ቤቱን ልጁ ቶኪሙኔ ወረሰ። ቶኪሙኔ በ1993 ሲሞት ግን ሁሉም የተቀበሉት አንድ ወራሽ አልተገኘም፤ ዳይቶ ርዩ ዛሬ በተለያዩ ቤቶች ይሰጣል፣ የሐረጉም ክርክር አልተዘጋም።